ጋሽ ዘለቀ የደገፉ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ቶሮንቶ በገባሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ዛሬም ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ትዝ ሲለኝ ሳቄ ያመልጠኛል። አጠገቤ ያለው ፈረንጅ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲለኝ ከየት ጀምሬ እንደማስረዳው ስለማላውቅ "ናቲንግ" ብዬ አልፋለሁ። እስቲ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ ከባለቤቴ ከዳዊት ጋር ዌስተን የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። እኔ ጥርስ ሐኪም ቤት ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ፤ እሱ ኤርፖርት አካባቢ መጋዘን ውስጥ። ሁለታችንም የዌስተንና የጎረቤቱ የሬክስዴል ሰፈር አበሾች ያቋቋሙት እድር አባል ነበርን።

የእድሩ ሊቀመንበር የሆንኩት አርፍጄ ነው። ቃል በቃል። አንድ እሑድ በረዶ ጥሎ አውቶቡስ ዘግይቶብኝ፣ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ገባሁ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ስላረፈድኩ የሚያሽሟጥጡኝ መስሎኝ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያልኩ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ለካ መርጠውኝ ነው። እጩ የነበሩት ሁሉ "ሺፍት አለብኝ" እያሉ ሲያመልጡ፣ እዚያ ያልነበርኩት እኔ ብቻ እምቢ ማለት ሳልችል ቀረሁ። "እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ከፈረንጅ ጋር ስታወራ ድምጿ አይንቀጠቀጥም" አሉና አጸደቁት።

ሹመቱን ከተቀበልኩ በኋላ ነው ጋሽ ዘለቀን በደንብ ያወቅኳቸው።

ጋሽ ዘለቀ ስድሳዎቹን ያጋመሱ፣ ሴት ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ ያመጣቻቸው፣ ሬክስዴል የሚኖሩ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ብዙ ዘመን መሥሪያ ቤት ሠርተዋል። ክረምትም ይሁን በጋ ከረባታቸው አይለያቸውም። ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ የመጣውን ሁሉ ይቃወማሉ።

አጀንዳ ይቃወማሉ። የአጀንዳውን ቅደም ተከተል ይቃወማሉ። አንድ ቀን የመክፈቻ ጸሎቱ ረዘመ ብለው ተቃውመዋል። ሌላ ቀን ስብሰባው ይዘጋ ሲባል "ለምን ይዘጋል?" ብለው ተቃውመው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ ብዙ አመሸን።

ተቃውሟቸው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ቀስ አድርገው ያጥፉታል። ሁለት ጊዜ ይስላሉ። ከዚያ ሌባ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ያነሡና "አንድ ጥያቄ አለኝ" ይላሉ። "ጥያቄም አይደለም፣ አስተያየት ነው። አስተያየትም አይደለም..." እዚህ ላይ ዝም ብለው አዳራሹን ይቃኛሉ። "ተቃውሞ ነው።"

ሰው ሁሉ "ኤጭ!" ይላል። ስልክ ይወጣል። ሕፃናት ያለቅሳሉ። እሳቸው ይቀጥላሉ።

እኔም ቤት ስገባ ብስጭቴን የምወጣው ለዳዊት እሳቸውን እያስመሰልኩ በማሳየት ነበር። መነጽር ማውለቁን፣ ሳሉን፣ ጣቱን። ዳዊት ሶፋው ላይ ተንከባሎ ይስቃል። እኔም ይቀለኛል።

በዚያ ዓመት ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የስብሰባ አዳራሻችን ለጥቂት ሰዓት ብቻ በኪራይ የሚገኝ ስለሆነ፣ ለቅሶ ስንቀመጥ ቦታ ችግር ሆነብን። አፓርታማ ውስጥ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ማልቀስ አልተቻለም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ጎረቤት ደንግጦ ፖሊስ ጠራብን። ሁለት ፖሊሶች መጥተው ለቅሶ መሆኑ ሲነገራቸው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ እትዬ አስካለ ደግሞ እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸውና ሳይበሉ አልለቅ አሏቸው። እትዬ አስካለ የእድሩ ወጥ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ከእሳቸው እጅ ሳይቀምስ የወጣ ሰው የለም። ፖሊሶቹ ሲወጡ አንደኛው ምስሩን እንዴት እንደሚሠሩት ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ያም ሆኖ የሕንፃው አስተዳደር ሁለተኛ እንዳይደገም አስጠነቀቀን።

ደግነቱ ሰፈራችን ያለ አንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን የምድር ቤቱን አዳራሽ ሊሰጠን ፈቀደ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ አባላት ያጸደቁት ባይሎው፣ ማለትም መተዳደሪያ ደንብ። በወሩ መጨረሻ ካላመጣችሁ ለሌላ እንሰጠዋለን አሉ።

ረቂቅ ነበረን። በየስብሰባው ይቀርባል። በየስብሰባው ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። እስከዚያን ጊዜ ገና ከመግቢያው አላለፍንም ነበር።

በዚህ መሃል ነው ስልጠናው የመጣው። የአባላት ማኅበር ለሚመሩ ሰዎች የሚሰጥ የሁለት ቀን ሙያዊ ስልጠና ነው፤ ኤርፖርት አጠገብ ባለ ሆቴል ውስጥ። ለአዲስ መጤዎች ማኅበራት በነፃ ሁለት ቦታ ይሰጣል ተባለ። አመለከትኩና ተፈቀደልን። ከጸሐፊያችን ጋር ልሄድ ነበር፤ እሱ ግን በመጨረሻው ሰዓት ሥራ አልለቀው አለ። "ቦታው ባዶ እንዳይቀር ማን ይመጣል?" ብዬ ለአባላቱ ሁሉ ቴክስት አደረግኩ።

ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ።

"ሃሎ፣ ልጄ። እኔ እመጣለሁ" አሉ ጋሽ ዘለቀ።

"ጋሽ ዘለቀ፣ እሱ እኮ ለሚመሩ ሰዎች ነው..."

"እንዴት እንደምትመሪን ማወቅ መብቴ አይደለም?"

ስማቸውን አስመዘገብኩ።

በስልጠናው ዕለት ጠዋት ሬክስዴል ሄጄ ወሰድኳቸው። መኪና ውስጥ እንደገቡ የመረጥኩትን መንገድ ተቃወሙ። በእሳቸው መንገድ ሄድን፤ ተዘጋግቶ አገኘነው። "ይህ መንገድ ጠዋት ጠዋት አይመከርም" አሉኝ፣ መንገዱን እኔ የመረጥኩት ይመስል።

ሆቴሉ ስንደርስ ስማችን የተጻፈበት ካርድ ደረታችን ላይ ተለጠፈልን። አሰልጣኛችን ሊንዳ የምትባል ቀጭን፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴት ናት። "እያንዳንዳችሁ የመጣችሁበትን ማኅበር ንገሩን" አለች። ንብ አርቢዎች አሉ። የሠርግ ኬክ ጋጋሪዎች አሉ። ጡረታ የወጡ ሾፌሮች መዘምራን አሉ። አንዲት ሴትዮ ከድመት አርቢዎች ማኅበር ነኝ አለች።

ጋሽ ዘለቀ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ድመት ማኅበር አላት?"

"ባለቤቶቹ ናቸው፣ ጋሽ ዘለቀ።"

"እና ድመቷ ስትሞት ተሰብስበው ይቀብራሉ?"

"አይመስለኝም።"

"ታዲያ ለምን ተሰበሰቡ?"

ተራችን ደርሶ እድር ምን እንደሆነ አስረዳሁ። "ኦ፣ ቢዩቲፉል" አለች ሊንዳ። ከዚያ አዲስ አባል እንዴት እንደሚሳብ፣ የሰለቸው አባል እንዴት እንደሚያዝ፣ ስብሰባ እንዴት በሰዓቱ እንደሚያልቅ አስተማረችን። "ሞሽን" ማለትም የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ፣ "ሰከንድ" ማድረግ ማለትም ሌላ ሰው መደገፉ፣ ከዚያ "ቮት"፣ ድምፅ መስጠት። ሥርዓቱ ማለፊያ ነው። እኔ እጽፋለሁ፤ ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን አጣምረው ያዳምጣሉ።

ከሰዓት በኋላ ጥያቄ ካላችሁ ስትል እጃቸውን አወጡ። እንግሊዝኛቸው ቀስ ያለ ግን ጥርት ያለ ነው።

"አባል ሲሞት ምን ታደርጋላችሁ?"

ሊንዳ ትንሽ አሰበች። "ከአባላት ዝርዝር እናወጣዋለን። ደብዳቤ እየላኩ ቤተሰቡን ማስጨነቅ ጥሩ አይደለም።"

ጋሽ ዘለቀ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እንዲህ የደነገጠ ፊት አይቼ አላውቅም።

"ሰማሽ?" አሉኝ በአማርኛ። "ይሰርዙታል!"

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ "ሰው ሞቶ ይሰርዙታል" እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነበር።

ጉዱ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው።

ሊንዳ "ዛሬ ሮል ፕሌይ እናደርጋለን" አለች። አንድ ማኅበር እንደሆንን አስመስለን ስብሰባ ልናካሂድ ነው። አጀንዳው የዓመቱን ሽርሽር ቦታ መቀየር ነው። ንብ አርቢው ሰውዬ ሊቀመንበር ይሆናል፤ ሌላው ሰው ዕጣ ያወጣል፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ዓይነት አባል ሆኖ ይጫወታል።

የእኔን ገለጥኩት። "አንተ አስቸጋሪው አባል ነህ፤ ሁሉንም ነገር ተቃወም" ይላል።

ጋሽ ዘለቀ የእሳቸውን አቀበሉኝ። "ይህ ምን ማለት ነው?"

"አንተ ደጋፊው አባል ነህ፤ ሊቀመንበሩን በሙሉ ልብህ ደግፍ" ይላል።

"እንቀያየር" አሉኝ።

"አይቻልም" አለች ሊንዳ እየሳቀች። አማርኛ ባታውቅም ገብቷታል።

ስብሰባው ተጀመረ። ንብ አርቢው "ሽርሽሩን ወደ ሐይቁ ዳር ብናደርገውስ?" አለ። ሊንዳ ወደ እኔ ጠቆመች። ተነሣሁ። አስቸጋሪ አባል መሆን አለብኝ። ምን ላድርግ ብዬ ገና ሳስብ እጄ ራሴ ላይ ወደ ነበረው የፀሐይ መነጽር ሄደ። አወለቅኩት። ቀስ አድርጌ አጠፍኩት። ሁለት ጊዜ ሳልኩ። ሌባ ጣቴ ወደ ጣሪያው ወጣ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አልኩ በእንግሊዝኛ። "ጥያቄም አይደለም፣ አስተያየት ነው። አስተያየትም አይደለም..."

አዳራሹን ቃኘሁ።

"ተቃውሞ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የኬክ ጋጋሪዋ እንባዋን ጠረገች። እኔም ሞቅ አለኝ። ሐይቁን ተቃወምኩ። ሽርሽርን ተቃወምኩ። በጋን ተቃወምኩ። "እኛም ዘንድ አለ እንዲህ ያለ ሰው! ልክ እሱን!" ይላሉ ሾፌሮቹ ጠረጴዛ እየመቱ። ጭብጨባው ቀለጠ። እጅ ነሥቼ ልቀመጥ ስል ነው ዓይኔ ጋሽ ዘለቀ ላይ ያረፈው።

አልሳቁም። አልተቆጡምም። የታጠፈውን የፀሐይ መነጽሬን ነበር የሚያዩት። ከዚያ የራሳቸውን መነጽር በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ያለ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን የኤርፖርት አካባቢ መሬት ኮንክሪት ነው፤ አትከፈትም።

"አሁን ደጋፊያችን!" አለች ሊንዳ።

ጋሽ ዘለቀ ተነሡ። ከረባታቸውን አስተካከሉ።

"እደግፋለሁ" አሉ። "ነገር ግን..."

"ነገር ግን የለም!" አለች ሊንዳ።

"እደግፋለሁ። ሆኖም..."

"ሆኖምም የለም!"

ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ንብ አርቢው "በርታ" እንደሚል ሰው አንገቱን ነቀነቀላቸው። ጋሽ ዘለቀ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እደግፋለሁ" አሉና ዱብ ብለው ተቀመጡ።

ጭብጨባው ከእኔ በለጠ። ድመት አርቢዋ ብድግ ብላ ነው ያጨበጨበችው። ጋሽ ዘለቀ ግራ ተጋብተው ዙሪያቸውን አዩ። ሳስበው፣ እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ ለተናገሩት ነገር ያጨበጨበላቸው ሰው አልነበረም። ፊታቸው ቀስ በቀስ ፈካ።

ማምሻውን ሰርተፊኬታችንን ይዘን ወደ ሬክስዴል ጉዞ ጀመርን። እኔ ከሐፍረት የተነሣ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። በመጨረሻ እሳቸው ጀመሩ።

"ሁለት ጊዜ ነው የምስለው?"

"አዎ፣ ጋሽ ዘለቀ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ። ይቅርታ ያድርጉልኝ..."

"ልጄም ትለኝ ነበር። እኔ አላምናትም ነበር።" ሰርተፊኬታቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። "ለካ ደስ ይላል።"

"ምኑ?"

"መደገፍ። አያደክምም።"

የጠቅላላ ጉባኤው ስብሰባ በሚቀጥለው እሑድ ነበር። ስልጠናው ላይ በሰጡን ናሙና ረቂቁን ከላይ እስከ ታች አስተካክዬ፣ አጽድቼ፣ ለሁሉም አባዝቼ ቀረብኩ። ሰው የሚመጣውን ስለሚያውቅ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። እትዬ አስካለ ምሳም እራትም ይዘዋል። ግርማ የሚባለው ታክሲ ነጂ አባላችን ትራስ ይዞ ነው የመጣው።

"በባይሎው ላይ አስተያየት ያለው?" አልኩ።

ጋሽ ዘለቀ ተነሡ። "ኤጭ!" አለ ሰው በአንድ ድምፅ። ግርማ ትራሱን አመቻቸ።

መነጽራቸውን አላወለቁም።

"እደግፋለሁ" አሉና ተቀመጡ።

እኔ ከደስታዬ ብዛት "ሰከንድ የሚያደርግ?" ለማለት አፌን ስከፍት እትዬ አስካለ ቀደሙኝ።

"ምን አሉ?"

"ደገፉ" አላቸው አጠገባቸው ያለው።

"ጋሽ ዘለቀ የደገፉት? እንግዲያው እኔ እቃወማለሁ።"

"ለምን፣ እትዬ?" አልኩ።

"ነገር ቢኖርበት ነዋ!"

ግርማ ከትራሱ ቀና አለ። "እኔም እቃወማለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ሆቴል ውስጥ ምን ስትመክሩ ከረማችሁ?"

ሆቴል የሚለው ቃል ሲነሣ ከኋላ የተቀመጡት ዳዊትን ዞረው አዩት። ዳዊት ምስኪን "ስልጠና ነው፣ ስልጠና ነው" ይላል። ነገሩ ከእሳት ወደ ረመጥ ሆነ። አንዱ ይነሣል፣ "ይህ ደንብ ተቀይሯል፣ ሽፋኑ ራሱ ሌላ ነው" ይላል። ሌላው ይነሣል፣ "ሽማግሌውን በምን አባብላቸው ነው?" ይላል።

"ቆይ፣ ደንቡን አንብባችሁታል?" አልኩ ተስፋ ቆርጬ።

ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። በመጨረሻ እትዬ አስካለ ተናገሩ።

"እኛ መች አንብበነው እናውቃለን፣ ልጄ? እሳቸው እያነበቡ ይቃወሙልን ነበር። እሳቸው ሲደክማቸው ነው እኛ የምናጸድቀው።"

የሻይ ዕረፍት አወጅኩና ጋሽ ዘለቀን ወደ ወጥ ቤቱ ወሰድኳቸው። በሩን ዘጋሁ።

"ጋሽ ዘለቀ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ይቃወሙ።"

"አልቃወምም።"

"ትንሽ ብቻ። አንድ አንቀጽ።"

"እኔ አሁን የሰለጠንኩ ሰው ነኝ" አሉና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተሸፈነ ሰርተፊኬታቸውን አሳዩኝ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም በሉ ስትዪኝ ነበር። ይኸው ዝም አልኩ። ሳሌን ሳይቀር ቆጥረሻል አይደል?"

እዚህ ላይ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። ለካ መኪና ውስጥ ‘ደስ ይላል’ ያሉኝ ውስጣቸው እየደማ ነው። ቀልዱ ሁሉ ጠፋኝ።

"ጋሽ ዘለቀ፣" አልኳቸው፣ "እርስዎን በቃሌ የያዝኩት በብስጭት ነው፤ አልዋሽዎትም። ግን እዚህ ማኅበር ውስጥ የምጽፈውን የሚያነብልኝ ሌላ ሰው የለም። አሁን የሰሙት ነው። ያላነበበ ሰው ሲያጨበጭብልኝ ምን ያደርግልኛል?"

ሰርተፊኬታቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። የቧንቧው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል።

"ይህንን አዲሱንስ አንብበውታል?" አልኳቸው።

"ደጋፊ አያነብም" አሉ።

ረቂቁን ዘረጋሁላቸው። እምቢ እንደማለት አሉና ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፍተው ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆመው ማንበብ ጀመሩ። አንድ ገጽ ገለጡ። ሁለተኛውን ገለጡ። ድንገት ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ፤ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

"ይህን ማን ጻፈው?"

"የቱን?"

በሩን በርግደው ወጡ። ተከትያቸው ስሮጥ አዳራሹ መሃል ደርሰዋል። መነጽሩ ወለቀ። ታጠፈ። ሁለት ጊዜ ሳሉ። ጣታቸው ሲነሣ፣ እመኑኝ፣ ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። እትዬ አስካለ "ተመስገን" ሲሉ ሰምቻለሁ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አሉ። "ጥያቄም አይደለም፣ አስተያየት ነው። አስተያየትም አይደለም። ተቃውሞ ነው! እዚህ ላይ ‘አባል ሲሞት አባልነቱ ይሰረዛል’ ይላል። በምን ሕግ? እናንተ ሰዎች፣ እድር የቆመው ለማን ነው? እኔ ይህን ሁሉ ዘመን እየመጣሁ የተሰበሰብኩት ስሞት ልሰረዝ ነው? የእድር አባልነቴ ገና ስሞት አይደለም ወይ የሚጀምረው?"

አዳራሹ ተናጋ። ያንን መስመር ከናሙናው ገልብጬ ነው ያስገባሁት፤ ለንብ አርቢዎች የሚሠራ ደንብ ነው። እንዲህ ከነፍሳችን ጋር እንደሚጣላ አላስተዋልኩም። ትራስ ይዞ የመጣው ግርማ "እንዴት ነው የምንሰረዘው?" እያለ ብድግ አለ። ዕድሜ ልካቸውን ስብሰባ ላይ ቃል ትንፍሽ ያላሉ ሰዎች እጅ አወጡ። ሁሉም የተባዛለትን ረቂቅ አውጥቶ ሌላም ነገር ይኖር እንደሆነ ማገላበጥ ጀመረ። በእድራችን ታሪክ ደንቡ የተነበበው ያን ዕለት ነው።

መስመሩ ተቀየረ። "አባል ሲሞት ማኅበሩ በሙሉ ወጥቶ ይቀብረዋል፤ ቤተሰቡን ያጽናናል፤ ስሙም ከማኅበሩ አይጠፋም" ተብሎ ተጻፈ። ቃሉን ያወጡት እትዬ አስካለ ናቸው። ሞሽን ቀረበ፤ ሰከንድ የሚያደርገው በዛና ተጋፋ። ወደ ቮት ስንሄድ የሁሉም እጅ ወጣ። የጋሽ ዘለቀ ብቻ አልወጣም።

"ይቃወማሉ?" አልኩ።

"አይደለም። ድምፅ አልሰጥም" አሉ። "መደገፍ በዓመት አንዴ ይበቃኛል።"

ያን ጊዜ አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እንደ ሆቴሉ ጭብጨባ አልነበረም፤ እልልታም ነበረበት። እሳቸው "ይህ ከአጀንዳው ውጪ ነው" ብለው ሊያስቆሙን ሞከሩ፤ ግን ማን ይሰማቸዋል?

ደንቡን ለቤተ ክርስቲያኑ አስገባን፤ ምድር ቤቱ ተሰጠን።

በዚያው ክረምት ከአገር ቤት መርዶ መጣ። የጋሽ ዘለቀ ታላቅ እህት አርፈዋል። ጋሽ ዘለቀን ያሳደጓቸው እሳቸው ነበሩ። ማለዳ ቤታቸው ሄደን አረዳናቸውና ለቅሶው በአዲሱ አዳራሻችን ተቀመጥን። እድሩ ነቅሎ ወጣ። ጋሽ ዘለቀ ፍራሹ ላይ ኩርምት ብለው የሚባሉትን ሁሉ እሺ ይላሉ። "ይብሉ" ሲሏቸው እሺ። "አረፍ ይበሉ" ሲሏቸው እሺ። "ጋቢ ይደርቡ" እሺ። እኔ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እትዬ አስካለም ወጥ ቤት ውስጥ "ሰውዬው ሊያመልጡን ነው" እያሉ ያለቅሱ ነበር።

በሰልስቱ ዕለት ሰው እየበዛ ሲሄድ ወንዶቹ ትልቁን ማሞቂያ ወደ ግድግዳው ገፍተው ወንበር ደረደሩ። ጋሽ ዘለቀ ከጋቢያቸው ውስጥ ቀና አሉ። ማሞቂያውን አዩት። በሩን አዩት። በሩ ሥር የተቀመጡትን አሮጊቶች አዩ።

"ይህን እዚያ ያደረገው ማነው?" አሉ በሻከረ ድምፅ። "ሰው ሊያጽናናኝ መጥቶ ጉንፋን ይዞ ይሂድ? ሞኝነት ነው። ወደ በሩ መልሱት።"

ያን ሁሉ ለቀስተኛ ብታዩት! ሠላሳ ሰው ተሻምቶ ተነሣ። ግርማ በአንድ ወገን፣ ዳዊት በሌላው፣ እኔ ከኋላ። ማሞቂያው ጎማ አለው፤ አንድ ሰው ይበቃው ነበር። እትዬ አስካለ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ያልቅሱ ይሳቁ አይለይም። ጋሽ ዘለቀ "ወደ ግራ! ግራ ነው ያልኩት!" ይሉናል።

አሁን ሊቀመንበር አይደለሁም፤ መኖሪያችንም ከዌስተን ርቋል። ስለ አባላት አያያዝ ብዙ ስልጠና ወስጃለሁ፤ ሥራዬም ወደዚያው አዘንብሎ ቀርቷል። ሆቴል ውስጥ ያደረግሁትን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ያንን ማሞቂያ ሲገፋ የነበረውን ሕዝብ ሳስታውስ ግን ልቤ ይሞላል። ለቅሶ ላይ መሳቅ ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ፣ ማሞቂያውን ደግፌ፣ እንባዬ እስኪወርድ ስቄያለሁ። አልቆጨኝም።